ክላሲካል ዘፋኝና የፒያኖ አጃቢ ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ትንፋሽ እስከ ክፍያው

ብዙ ዘፋኝ አጃቢ የሚፈልገው ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ስልክ ይደወላል። «አምስት ዘፈን ነው፣ ቀላል ናቸው፣ ረቡዕ ትችላለህ?» ቀላል ናቸው ከተባለ ብዙ ጊዜ ቀላል አይደሉም።

እኔ የፒያኖው ወገን ነኝ። አንድ ጊዜ ለኦዲሽን (ለዘፋኞች መምረጫ ፈተና) ተጠርቼ፣ ዘፋኙን በሩ ላይ ተዋውቄ፣ ወረቀቱን እዚያው ተቀበልኩ። ፎቶኮፒው የታችኛውን መስመር ቆርጦታል። ለግራ እጄ ኖታ የለም ማለት ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ደግሞ አንዱ ወረቀት ተንሸራቶ ፔዳሉ ሥር ገባ። በቀኝ እጄ እየተጫወትኩ በግራዬ ወለል እዳብሳለሁ። ዘፋኙ ጎበዝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ዳኞቹ ግን ሲያዩ የነበሩት እኔን ነው።

ይሄን መመሪያ ለሁለቱም ወገን በአንድ ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ድምፅ ለብቻ፣ ፒያኖ ለብቻ ተምሮ መጨረሻ ላይ ማጋጠም አይሠራም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ አብራችሁ ሥሩ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ክላሲካል ዘፋኝ ማይክ አይዝም። በሱና በሕዝቡ መሃል 60 እና 70 ሰው ያለበት ኦርኬስትራ ተቀምጦ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰው ሊሰማው ይገባል። ጀማሪ ይሄን ሲነገረው መጮህ ይጀምራል። ጉሮሮው ይታነቃል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስዊድናዊው የድምፅ ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ በ1970ዎቹ ነገሩን ለክቶ አሳይቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኦርኬስትራ ጉልበቱ የሚበረታው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ ወንድ ዘፋኝ ድምፅ ደግሞ 3000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት አለው። ኦርኬስትራው በሳሳበት ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል ማለት ነው። ይሄ ጉልበት የሚገኘው ከድምፅ አውታሮቹ በላይ ካለው ክፍተት ቅርጽ እንጂ ከጩኸት አይደለም። ሶፕራኖ (ከፍተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ) ከፍ ያለ ኖታ ላይ ስትሆን ሌላ ዘዴ አላት፦ አፏን በሰፊው እየከፈተች የአፏን ክፍተት ከኖታው ጋር ታጣጥማለች። ኦፔራ ላይ ሶፕራኖዋ ጣራ ስትነካ ቃሉ የማይለየን ለዚህ ነው፣ ስንፍና አይደለም።

ሌላም ቁጥር ያዙ። ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን ላ፣ ማለትም 440 ኸርዙን፣ ስትዘፍኑ የድምፅ አውታሮቻችሁ በሰከንድ 440 ጊዜ ይገናኛሉ። የሶፕራኖ ላይኛው ዶ ላይ ከ1000 ያልፋል። ይሄን ሁሉ የሚሠራው ጥፍር የሚያክል ሥጋ ነው። በጉልበት ከገፋችሁት ያብጣል፣ በቃ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ሥራ ትንፋሽ ነው። ቁሙ። ትከሻ አይነሳ። እጃችሁን ጎናችሁ ላይ አድርጉና ጎድናችሁ ወደ ጎን ሲከፈት እየተሰማችሁ አየር ሳቡ። ከዚያ «ስስስ» እያላችሁ እኩል አድርጋችሁ አውጡት። ለጀማሪ 20 ሰከንድ ይበቃል። መጨረሻው ላይ ድምፁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጎድናችሁ ቶሎ ወድቋል። ፒያኖ የምትጫወቱትም ይሄን አብራችሁ ሥሩት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ሁለተኛ፦ መምህር ስትመርጡ

ጥሩ የዘፈነ ሁሉ ጥሩ አያስተምርም። የኔ መለኪያ ቀላል ነው። ከትምህርት ስትወጡ ድምፃችሁ ከገባችሁበት የባሰ ሻክሯል ወይ? አንዴ ቢሆን ይሁን። በተከታታይ ሦስት አራት ጊዜ ከሆነ ግን፣ መምህሩ የቱንም ያህል ስም ያለው ሰው ቢሆን፣ ሌላ ፈልጉ።

ስዊድናዊቷ ዘፋኝ ጄኒ ሊንድ በ1841 ፓሪስ ወደ ዘፈን መምህሩ ማኑኤል ጋርሲያ ስትሄድ ገና 20 ዓመቷ ነበር። በልጅነቷ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ከአቅሟ በላይ ዘፍና፣ ድምጿ ደክሞ ነበር። ጋርሲያ መጀመሪያ ያደረገው ማስተማር ሳይሆን ዝም ማሰኘት ነው። ለሳምንታት እንዳትዘፍን አዘዛት። ከዚያ በኋላ ነው ከመሠረቱ የጀመሩት። ይኸው ሰውዬ ነው በ1854 በመስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ራሱን የድምፅ አውታሮች ሲሠሩ ያያቸው። ዛሬ ሐኪም ጉሮሮ የሚያይበት ዘዴ ከዚያ ነው የመጣው። የዘፈን መምህር ነበር እንግዲህ፣ ሐኪም አይደለም።

ስለ ድምፅ ዓይነት ደግሞ አትቸኩሉ። 18 ዓመት ላይ «እኔ ድራማቲክ ሶፕራኖ (ከባድ ሚና የምትዘፍን) ነኝ» ማለት ገና በወተት ጥርስ ሥጋ እንደመቁረጥ ነው። ጣልያናዊው ዘፋኝ ካርሎ ቤርጎንዚ በ1948 መድረክ ላይ የወጣው ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ) ሆኖ ነው። በ1951 ቴኖር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ሆኖ ተመለሰ፣ ከዚያም በዘመኑ ከነበሩት የቬርዲ ቴኖሮች አንዱ ለመሆን በቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሌላ ድምፅ ሠርቷል! ከባዶቹን የቬርዲና የዋግነር ሚናዎች አብዛኛው ሰው ከ30 በፊት ባይነካቸው ይመረጣል። ባሶች (ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ወንዶች) ደግሞ ከሁሉም ዘግይተው ነው የሚበስሉት።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጠይቁ፦ «አጃቢዬን ይዤ መምጣት እችላለሁ?» በወር ሁለቴ እንኳን ቢሆን። መምህሩ «እዚህ ጋ ትንፋሽ ውሰጂ» ሲል አጃቢው እዚያው ካልሰማው፣ ነገ ልምምድ ላይ በዚያችው ቦታ ቸኩሎ ያልፋችኋል።

ሦስተኛ፦ የየቀኑ ልምምድ

ፒያኖ ተጫዋች በቀን አራት ሰዓት ቁጭ ብሎ ቢሠራ ማንም አይገርመውም። ዘፋኝ እንደዚያ ማድረግ አይችልም። ጉሮሮ ጣት አይደለም። ለጀማሪ በቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ይበቃል። የሠለጠነውም ቢሆን ሙሉ ድምፅ አውጥቶ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም ባያልፍ ጥሩ ነው።

ማሟሟቂያው 15 ደቂቃ ይሁን። በቀጭን ስትሮ ውስጥ ድምፅ እያወጣችሁ ከታች ወደ ላይ ተንሸራተቱ፣ ተመለሱ። ቀልድ ይመስላል። ስትሮው ግን አየሩን ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመልሰው የድምፅ አውታሮቹ ሳይጋጩ በቀስታ እንዲሠሩ ያግዛቸዋል። ከዚያ አምስት ኖታ ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች፣ በግማሽ ቶን እየጨመራችሁ። ከዚያ ዘፈን።

የቀረው የቀኑ ሥራ በዝምታ ነው። ኖታ ማንበብ፣ ግጥም መሸምደድ፣ የፒያኖውን ክፍል ጆሮ ሰጥቶ መስማት። ብዙ ዘፋኝ የራሱን መስመር ብቻ ያውቃል። ፒያኖው ከሱ በፊት በነበረው ባር (በኖታው ላይ በመስመር የተከፈለ ክፍል) ላይ ምን እንዳለ ጠይቁት፣ ያፈጥባችኋል።

ከታመማችሁ ዝም በሉ። አታንሾካሹኩም። በኃይል ማንሾካሾክ ዕረፍት አይደለም፣ የባሰ ያደክማል። ድምፅ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የማርና የዝንጅብል ጉዳይ አይደለም፣ አንገትና ጉሮሮ የሚያይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አራተኛ፦ ቋንቋው

ጣልያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ። እነዚህ አራቱ አይቀሩም። መናገር ግዴታ ላይሆን ይችላል (ቢሆን ግን የሥራ በር ይከፍታል)። እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ግን ግዴታ ነው። ጠቅላላ ሐሳቡን ማወቅ አይበቃም። በእርሳስ ከእያንዳንዱ ቃል በላይ ትርጉሙን ጻፉ። «የ» የሚለው የቱ እንደሆነ፣ «ነበር» የሚለው የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ድምፃችሁን የቱ ቃል ላይ ታሳርፋላችሁ?

አማርኛ ተናጋሪ ጣልያንኛ ላይ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። እኛ ማጥበቅና ማላላት ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ተገኘ ማለት ነው፣ ማንም ሕፃን አይስተውም። ጣልያንኛም እንዲሁ ነው። «ፋቶ» ሲላላ ዕጣ ፈንታ ነው፣ «ቶ» ሲጠብቅ ደግሞ የተሠራ፣ የተደረገ ማለት ይሆናል። የሌላ አገር ተማሪ ይሄን ለመልመድ ዓመት ይፈጅበታል። እናንተ ተጠቀሙበት።

ጀርመንኛ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ችግራችን ሳድስ ነው። «ሽትሮም» የሚለውን ቃል ውሰዱ፣ ጅረት ማለት ነው። መጀመሪያው ላይ ሦስት ተነባቢ ተደርድሯል፣ ሽ፣ ት፣ ር። እኛ ሳናውቀው መሃላቸው ትንሽ አናባቢ እናስገባለን። ጀርመናዊው አያስገባም።

እዚህ ጋ አጃቢውም ጆሮውን ያቅና። ምቱ ላይ መውደቅ ያለበት ተነባቢው ሳይሆን አናባቢው ነው። ማለትም ዘፋኟ ሽትር የሚለውን ከምቱ በፊት አስቀድማ ትጨርስና «ኦ» ስትል ልክ ምቱ ላይ ትሆናለች። አጃቢው «ሽ» ን ሰምቶ ወዲያው ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) ከመታ ቀድሟል። «ኦ» ን ጠብቆ አብሮ ከወረደ ደግሞ ሁለቱ አንድ መሣሪያ ይመስላሉ። ሰዎች «እነዚህ ሁለቱ እንዴት ነው የሚግባቡት?» እያሉ የሚገረሙበት ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ አይዘልም። ተነባቢ መቁጠር ነው።

አምስተኛ፦ አጃቢው ለብቻው የሚሠራው

ሶሎ ፒያኖ በደንብ መጫወት መነሻ ነው፣ አይበቃም። አጃቢ የሚፈለግበት ሌላ ችሎታ አለ።

ከሁሉ በፊት ያላዩትን ኖታ ወዲያው ማንበብ። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ የማታውቁትን ዘፈን ክፈቱና ሳትቆሙ ተጫወቱ። ስህተት ይኑር። መቆም ግን ክልክል ነው። ተመልሶ ማረምም ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ዘፋኝ አይጠብቅም። ቀጥሎ ኪይ መቀየር። ዘፋኟ ጠዋት ተነስታ «ዛሬ ግማሽ ቶን ዝቅ እናድርገው» ካለች ማድረግ መቻል አለባችሁ። የኦስትሪያዊው አቀናባሪ የሹበርት ዘፈኖች ለከፍተኛ፣ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ድምፅ ተለይተው የታተሙ ስለሆነ ችግሩን ያቀሉታል፣ ግን መጽሐፉ ሁልጊዜ እጅ ላይ አይገኝም።

ሦስተኛው ሁሉም የሚያፍርበት ነው፦ እየተጫወታችሁ የዘፋኙን መስመር ዝፈኑ። ድምፃችሁ አስቀያሚ ይሁን፣ ማን ይሰማል። ስትዘፍኑ ትንፋሽ የት እንደሚያልቅባችሁ ታውቃላችሁ። በዚያች ቦታ ላይ ዘፋኙም ያልቅበታል። «ስስስ» ሥሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዘፋኙ ሲተነፍስ አብሮ የሚተነፍስ አጃቢ መግቢያውን በዓይን መጠበቅ አያስፈልገውም።

ካትሊን ፌሪየር የተባለችው እንግሊዛዊት ኮንትራልቶ (ዝቅተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ) መጀመሪያ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፣ ኑሮዋ ደግሞ የስልክ ኦፕሬተርነት። በ1937 ካርላይል ላይ በተካሄደ የሙዚቃ ውድድር በፒያኖ ተመዘገበች፣ በውርርድ ደግሞ በዘፈንም ገባች። ሁለቱንም አሸነፈች። ሁላችንም እሷን አንሆንም። ግን ሁለቱን ወንበር የቀመሰ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቀም ያሳያል።

«ድምፄን ዋጥከው» የሚል ወቀሳ የማይደርስበት አጃቢ የለም። አብዛኛው ጊዜ ጥፋቱ የፒያኖው ክዳን አይደለም። የግራ እጅ ነው። ባሱን ቀለል አድርጉ፣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ በተለይ ዘፋኙ በዝቅተኛ ኖታ ላይ ሲሆን። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መጫወት ድምፁን ያፍነዋል እንጂ ሚዛን አያመጣም።

ስድስተኛ፦ አንድ ዘፈን፣ ሁለት ሰው

ይሄኛው ላይ ልቆይበት።

ሹበርት በ1814፣ በ17 ዓመቱ፣ ከጀርመናዊው ባለቅኔ ከገተ «ፋውስት» ድራማ ውስጥ አንድ ግጥም ወስዶ ዜማ ሠራለት። ግሬትሸን የምትባል ልጅ የፈትል መንኮራኩር ፊት ተቀምጣ ስለምታፈቅረው ሰው ታስባለች። ሰላሟ ጠፍቷል፣ ልቧ ከብዷል። የፒያኖው ቀኝ እጅ መንኮራኩሩ ነው፣ ሳያቋርጥ ይዞራል። ግራው በእግር የሚረገጠው መርገጫ ነው። ሁሉም በለሆሳስ ይጀምራል።

መጀመሪያ አጃቢው ብቻውን ይጫወት። ዘፋኟ ትስማ። መንኮራኩሩ እኩል እስኪዞር ድረስ፣ አንዷም ኖታ ሳትጎላ። ብዙ ተጫዋች እያንዳንዱን ባር ሲጀምር ሳያውቀው ጫን ይላል። መንኮራኩር እንደዚያ አያነክስም።

ከዚያ ዘፋኟ ዜማውን ትታ ግጥሙን በፒያኖው ላይ ትናገረው። አንዴ፣ ሁለቴ። የት ትቸኩላለች? የት ትዘገያለች? አጃቢው በእርሳስ ያስምር። ይሄን ሳትሠሩ ወደ ዜማው ከገባችሁ ዜማው ቃሉን ይበላዋል።

ከዚያ ዝፈኑ። ልጅቷ ሰውየውን እያስታወሰች ትሄዳለች፣ አረማመዱን፣ ፈገግታውን፣ ንግግሩን። ፒያኖው እየጋለ ይመጣል። በመጨረሻ መሳሙ ትዝ ይላታል። እዚያ ላይ መንኮራኩሩ ቀጥ ይላል። መፍተሏን ረሳችው። ዘፋኟ ከፍ ያለው ኖታ ላይ ቀርታለች፣ ፒያኖው አንድ ኮርድ ይዞ ዝም ብሏል።

ያ ዝምታ የማን ነው? ጀማሪዎች «ስንት እንቁጠር?» ይላሉ። አትቁጠሩ። ዝምታው የዘፋኟ ነው፣ ኖታውን ለቃ ወደ ራሷ እስክትመለስ ድረስ። ቀጥሎ ያለው ግን የፒያኖው ነው። መንኮራኩሩ ትንሽ ይጀምራል፣ ይቆማል። እንደገና ይሞክራል። ከዚያ ነው መዞር የሚጀምረው። ዘፋኟ እዚህ ላይ ምንም አትሥራ። ፊቷን አታስተካክል፣ ለሚቀጥለው መግቢያ ብላ ድምፅ ያለው ትንፋሽ አትሳብ። እጇ ተመልሶ ክሩን ሲፈልግ የምንሰማው ከፒያኖው ነው። እሷ ከተንቀሳቀሰች አበላሸችው።

ሲመለስ ደግሞ ፍጥነቱን ጠብቁ። ከደመቀው ቦታ በኋላ ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ፈጥኖ ነው የሚመለሰው። እኔም፣ ስንት ዓመት ተጫውቼው። ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅረጹና የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ከዚያኛው ጋር አስተያዩ። ታፍራላችሁ።

መጨረሻው ላይ ፒያኖው ብቻውን እየቀነሰ ይሄዳል። አጃቢው እጁን ከቁልፎቹ ላይ እስኪያነሳ ድረስ ዘፈኑ አላለቀም። ዘፋኟ ቀድማ ፈገግ ካለች ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ የመጨረሻዎቹ ኖታዎች በጭብጨባ ይዋጣሉ። ጀርመናዊው አቀናባሪ ሹማን በ1840 በጻፈው የ16 ዘፈኖች ስብስብ፣ በዲሽተርሊበ፣ መጨረሻው ጭራሽ ረጅም የፒያኖ መደምደሚያ ነው። ዘፋኙ ቆሞ ያዳምጣል። እንዴት ቆሞ ማዳመጥ እንዳለበትም ልምምድ ያስፈልገዋል፣ እጅን ምን ላድርገው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ካልተስማማችሁስ? ሁለቱንም መንገድ ሥሩት፣ ቅረጹት፣ በማግስቱ ስሙት። በልምምድ ክፍል ውስጥ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ዝምተኛው ነው እንጂ የተሳሳተው አይደለም።

ሰባተኛ፦ ኦዲሽን

የኦፔራ ኦዲሽን ላይ በብዛት የሚጠየቀው አምስት አሪያ (ከኦፔራ የተወሰደ የአንድ ሰው ዘፈን) ነው። በተለያየ ቋንቋ፣ በተለያየ ባሕርይ፣ አንዱ ሞዛርት ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያውን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ሁለተኛውን ዳኞቹ ከዝርዝሩ ያወጣሉ። ስለዚህ «አምስተኛው አይጠራም» ብሎ ማለፍ የለም። የሚጠራው እሱ ነው።

አጃቢው የማታውቁት ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቤቱ የሚያቀርበው። ይሄን አድርጉለት፦ ኖታው በቀለበት ማኅደር ውስጥ፣ በወረቀቱ ፊትና ጀርባ የታተመ፣ ባሱ ያልተቆረጠ። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ መብራቱ ያንጸባርቅበታል። የምትዘሉት ቦታ ካለ በግልጽ ምልክት ይደረግ፣ በወፍራም እርሳስ። ፍጥነቱን ለመንገር ጠጋ ብላችሁ ሁለት ባር በለሆሳስ ዝፈኑለት። ጣት እያጮኸ «እንዲህ፣ እንዲህ» የሚል ዘፋኝ አይቻለሁ፣ አጃቢው ግን ቀኑን ሙሉ 40 ሰው ሲያጅብ ውሏል፣ ጣታችሁን አይፈልግም።

የፒያኖው ክፍል የማይቻል አሪያ አታምጡ። ስትራቪንስኪና ሪቻርድ ሽትራውስ ድምፅን ያሳምራሉ፣ ግን የኦርኬስትራውን ኖታ በአሥር ጣት መጭመቅ ሌላ ጉድ ነው። የራሳችሁን አጃቢ ካላመጣችሁ ተዉት።

ከተሳሳታችሁ ቀጥሉ። አንድ ባር ብትዘሉ ጥሩ አጃቢ ዘሎ ይይዛችኋል። ዞር ብላችሁ በዓይን አትውቀሱት። ዳኞች የተሳሳተውን ኖታ ይረሱታል፣ ዓይኑን ግን አይረሱም።

ስምንተኛ፦ ሥራው የት ነው?

ለዘፋኝ ከኮንሰርቫቶሪ በኋላ ያለው የተለመደ መንገድ የኦፔራ ቤቶች የወጣቶች ፕሮግራም ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ከ1980 ጀምሮ አለው፣ የዙሪኩ ስቱዲዮ ከ1961። ብዙዎቹ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ፒያኖ ተጫዋችም ይቀበላሉ። ይሄን የማያውቅ አጃቢ ብዙ ነው፣ ማመልከቻ ገጹን እስከ ታች አንብቡ።

ጀርመን በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ 80 ገደማ የኦፔራ ቤቶች አሏት፣ ስለዚህ ከመላው ዓለም ሰው ወደዚያ ይጎርፋል። እዚያ «ፌስት» የሚባል ቅጥር አለ፦ የወር ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ቤቱ የሚሰጣችሁን ሚና መዝፈን። የተሰጣችሁ ሚና የሚወሰነው «ፋኽ» በሚሉት የድምፅ ምድብ ነው። ውል ስትፈርሙ ፋኻችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ አለዚያ ለድምፃችሁ የሚከብድ ሚና ሊሰጣችሁ ይችላል። ውሉ በዓመት የሚታደስ ነው። ላለማደስ ከፈለጉ በጥቅምት መጨረሻ ማሳወቅ አለባቸው፣ ስለዚህ በዚያ ወር የቤቱ ኮሪደር ድባብ የተለየ ነው።

ፍሪላንስ ሲሆን የሚከፈለው በትርዒት ነው። ጉንፋን ይዟችሁ ካልዘፈናችሁ ክፍያ የለም። ስድስት ሳምንት ልምምድ ሠርታችሁም ቢሆን። ይሄን ፈርማችሁ ሳይሆን ሳትፈርሙ ጠይቁ፣ የልምምድ ክፍያ የሚሰጡ ቤቶች አሉ። የኦፔራ ኮረስ ደግሞ ሰው የሚንቀው፣ ግን ብዙ ጊዜ ከሶሎው የተሻለ ዋስትና ያለው ሥራ ነው። ኦራቶሪዮ (ያለ ትወና በኮንሰርት የሚዘፈን ትልቅ ሥራ)፣ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ፣ ማስተማር፣ አብዛኛው ዘፋኝ ሁለት ሦስቱን አጣምሮ ነው የሚኖረው።

ውድድር ይጠቅማል፣ ግን አንደኛ መውጣት ሁሉም ነገር አይደለም። በ1989 በዌልስ በተካሄደው የካርዲፍ የዘፋኞች ውድድር ላይ ዋናውን ሽልማት ዲሚትሪ ኽቮሮስቶቭስኪ ወሰደ። ብሪን ተርፈል የሊድ (በፒያኖ የሚታጀብ የጀርመን የግጥም ዘፈን) ሽልማቱን አገኘ። ሁለቱም ዓለምን ዞሩ። ለሁለታችሁም የሚሆነው ደግሞ ሽቱትጋርት ላይ የሚካሄደው የሊድ ውድድር ነው፣ ዘፋኝና ፒያኖ ተጫዋች ጥንድ ሆነው ይገባሉ፣ ሽልማቱም ለጥንዱ ነው። የለንደኑ ዊግሞር ሆልም ለፒያኖ ተጫዋች የተለየ ሽልማት ይሰጣል።

አጃቢው ሌላ በር አለው፣ ሬፔቲተርነት። በኦፔራ ቤት ውስጥ ኦርኬስትራው እስኪመጣ ድረስ ኦርኬስትራው እናንተ ናችሁ። ሁሉንም ኖታ ለመጫወት አትሞክሩ። ባሱን፣ ሪትሙንና ዘፋኙ መግቢያውን የሚይዝበትን መስመር ያዙ፣ ሌላው ይቅር። ያልመጣውን ዘፋኝ መስመር እየተጫወታችሁ ትዘፍናላችሁ (ያ የሚያሳፍረው ልምምድ እዚህ ይከፍላል)። አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉ። ኮንሰርት ላይ ከዘፋኙ ጋር ትተነፍሳላችሁ፣ እዚህ የምትከተሉት የኮንዳክተሩን ዱላ ነው። ዘፋኙ ቢዘገይ እንኳን ዱላው ካልዘገየ አትዘግዩ። ይሄን መልመድ ለሊድ አጃቢ በጣም ይከብዳል።

ከዚያ ወንበር ተነስተው ኮንዳክተር የሆኑ ብዙ ናቸው። ጌዮርግ ሾልቲ ቡዳፔስት ኦፔራ ውስጥ ሬፔቲተር ነበር። በለንደኑ ሮያል ኦፔራ ከ2002 እስከ 2024 የሙዚቃ ዳይሬክተር የነበረው አንቶኒዮ ፓፓኖም በዚሁ ሥራ ነው የጀመረው። ሌላው ምርጫ በአጃቢነት መቆየት ነው። ጄራልድ ሙር ዕድሜውን ሙሉ አጃቢ ሆኖ በ1967 ለንደን ላይ መሰናበቻ ኮንሰርቱን ሲያደርግ ዝነኞቹ ዘፋኞች ሽቫርትስኮፕፍ፣ ቪክቶሪያ ደ ሎስ አንኸለስና ፊሸር-ዲስካው ሊዘፍኑለት መጡ። መጨረሻ ላይ ብቻውን ወጥቶ አንድ የሹበርት ዘፈን ያለ ዘፋኝ በፒያኖ ተጫወተ።

ዘጠነኛ፦ የኮንሰርቱ ቀንና ሒሳቡ

ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። አጃቢው ፒያኖውን ይሞክር፣ ወንበሩን ያስተካክል፣ ፔዳሉ ይጮህ እንደሆነ ይስማ። ዘፋኙ አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ ያውጣ፣ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ሆኖ ሚዛኑን ይንገራችሁ። ባዶ አዳራሽ ከሞላው የበለጠ ያስተጋባል፣ ያንን አስቡበት። ገጽ የሚገልጥ ሰው ካለ ኖታ የሚያነብ ይሁን፣ የት እንደሚደገም ቀድማችሁ አሳዩት። ታብሌት ከሆነ ቻርጁን እዩ።

ፕሮግራሙ ላይ የሁለታችሁም ስም በእኩል ፊደል ይጻፍ። በ1939 አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን ዋሽንግተን ላይ በሊንከን መታሰቢያ ደጃፍ 75,000 ሰው ፊት ስትዘፍን ፒያኖው ላይ የነበረው ፊንላንዳዊው ኮስቲ ቬሃነን ነው። እሷን ሁሉ ያውቃታል፣ እሱን ስንቱ?

ገንዘቡን ልምምድ ሳትጀምሩ ተነጋገሩ። የጋራ ኮንሰርት ከሆነ እኩል መካፈል የተለመደና ፍትሐዊ ነው፣ ዘፋኙ ብቻውን የተጋበዘ ከሆነ ደግሞ አጃቢው ስንት ልምምድ፣ በስንት ብር ወይም ዶላር፣ ማን ትራንስፖርት ይችላል የሚለው በጽሑፍ ይሁን፣ ቴሌግራም ላይም ቢሆን። ቢሰረዝ ምን እንደሚሆንም ጨምሩበት። ዘፋኝ ሲታመም አጃቢም ቀኑን ያጣል፣ ያን ቀን ለሌላ ሰው «አልችልም» ብሎ ነበርና። እና አምስት ዘፈን ነው፣ ቀላል ናቸው ብላችሁ ስትደውሉ፣ ኖታውን አብራችሁ ላኩ። የታችኛው መስመር እንዳለ አይታችሁ።